ፒያሳ ላይ «ቤቴ» ሲባል

በአራዳ ጓሮዎች አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሦስት ጭቃ ቤቶች ማግኘት ብርቅ አልነበረም። ጣሪያቸው ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ዕድሜያቸው እኩል፣ ያሠራቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው። ሦስቱም ነዋሪዎች «ቤቴ» ይላሉ። የመጀመሪያዋ ካርታ አላት፤ ሁለተኛው ለወረዳው ኪራይ ይከፍላል፤ ሦስተኛው በኪራይ ቤቶች ውል ሱቅ ከፍቷል። ሕጉ ሦስቱን በአንድ ዓይን አያያቸውም። አንዷ ቤቷን መሸጥ፣ ማውረስ፣ ለባንክ ማስያዝ ትችላለች። ሁለቱ ግን ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ ያበቁበት በር የመንግሥት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከከተማዋ አቆራቆር ነው። መሬት የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ነበር፤ መኳንንቱ በየኮረብታው ተመሩ፣ ጭፍራቸውም በዙሪያቸው ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር የማን እንደነበር ዛሬም መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ መሬት መግዛትና መሸጥ የሚያስችል ደንብ ሲያወጡ ቦታ ገበያ ወጣ። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱና አገሬው ነጋዴ ከጊዮርጊስ በታች የነበረውን የአራዳ ገበያ ተጠግቶ ሠራ፤ ለማከራየት ብቻ የሚሠራ ቤትም በረከተ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተጻፈው በዚህ ዓለም ውስጥ፣ መሬት የግል በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬም ስለ ቤት ሽያጭ የምንከራከረው በዚያው ሕግ ነው፤ መሬቱ ከሥሩ ከተወሰደ ግን ቆየ።

የወሰደው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ሁሉ ያለ ካሳ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የቀረው «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። ለትርፍ ቤቱ ካሳ እንደሚከፈል አዋጁ ቃል ቢገባም፣ ቃሉን አምኖ የጠበቀ ብዙ ጠበቀ።

ከዚህ አዋጅ ጋር የመጣው የመቶ ብር መስመር እስካሁን ይገርመኛል። በወር እስከ 100 ብር ይከራይ የነበረው ትርፍ ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። የጓሮው ጭቃ ቤት በአብዛኛው ወደ ቀበሌ፣ ፎቁና የአስፋልት ዳሩ ሱቅ ወደ ኪራይ ቤቶች የሄደው በዚህ ነው። ቀበሌ ወረዳ ሆኗል፣ ኪራይ ቤቶችም ከብዙ የስም ለውጥ በኋላ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ተብሏል፤ የፒያሳ ሰው ግን ሁለቱንም በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። አዋጁ የድሆችን ኪራይ ቀነሰ፣ ይህ ምስጋና ይገባዋል። ጠጋኝ ግን አልተወም። ተከራዩ የኔ አይደለም ብሎ አያድሰውም፤ ቀበሌውም የሚሰበስበው ኪራይ የሚስማርና የቆርቆሮ ዋጋ አይሸፍንለትም። የፒያሳ ቤቶች ያዘመሙት በዕድሜ ብቻ አይደለም።

ደርግ ሲወድቅ የቀድሞ ባለቤቶችና ልጆቻቸው ጥያቄ ይዘው መጡ። መልሱ የተንጠለጠለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ቤቱ የተወሰደው በአዋጁ መሠረት ነው ወይስ ከአዋጁ ውጭ? አዋጅ ቁጥር 110/1987 ያለ አዋጅ የተወሰደ ንብረት የሚመለስበትን መንገድ ከፈተ። በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሰ ትርፍ ቤት ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ። አባቱ ሦስት ቤት የነበረው ሰው ሁለቱን በዓይኑ እያየ በበራቸው ያልፋል። አባቱ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ሆኖ እሱኑ ባለሥልጣን በጉልበት ቀምቶት ከሆነ ግን የመከራከሪያ ጉዳይ አለው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬቱን አልመለሰም። በአንቀጽ 40 መሠረት የከተማም የገጠርም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በላዩ የተገነባው ግን የገንቢው ሙሉ ንብረት ነው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል፣ ያስይዘዋል። እንግዲህ ካርታ ያላት ጎረቤት የቤቷ ባለቤት፣ የቦታዋ ባለይዞታ ናት። ባዶ ቦታ ብትሸጥ ውሉ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ አንድ ክፍል ቤት ቢኖርበት ግን ቤት ሸጠች ይባላል። የወደቀ ጭቃ ቤት በሚሊዮኖች ሲሸጥ ገዢው ለጭቃው እንደማይከፍል ሻጭም ደላላም ያውቃሉ። ውሉ ላይ የሚጻፈው ግን ጭቃው ነው። ሕጉ ራሱ የሚያውቀው ማስመሰል ይመስለኛል፤ የሊዝ አዋጁን ስናይ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንደነበረ ይቀጥላል። በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍ ግን ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል፤ ተቀባዩ ከመንግሥት ጋር የሊዝ ውል ይፈርማል። ዘመኑም ይቆጠርበታል፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ 60። ገዢ ለሻጭ ከከፈለው ሌላ የሊዝ ክፍያ እንደሚጠብቀው ቀድሞ ካልገባው፣ የስም ዝውውሩ ቀን ይደነግጣል።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት ልበል፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ካርታ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 መሠረት ስሙ የተጻፈበት ሰው ባለቤት መሆኑን ያስገምታል። ግምት ነው፤ በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። ሽያጩ በጽሑፍ ሆኖ ቁጥር 1723 እንደሚያዘው በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ ለአዲስ አበቤ ይህ ማለት ሰነዶች ማረጋገጫ ነው። ሽማግሌ ፊት የተፈረመች ወረቀት ስንት ወንድማማች አጣልታለች! ገዢ «እዳና እገዳ» መኖር አለመኖሩን ከመሬት ይዞታ ምዝገባ ማጣራት አለበት። ሌላ ወጥመድም አለ። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም ቤቱ በጋብቻ ውስጥ ከተፈራ የጋራ ነው፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሚስት ሳትስማማ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ተሽጦ ከተገኘም ባወቀች በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ሽያጩ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ውሉን ልታስፈርስ ትችላለች።

ኮንዶሚኒየም የራሱ ሥርዓት አለው፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995። የእርስዎ የሆነው ከበርዎ ወደ ውስጥ ያለው ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የጋራ፣ ወጪውም እንደዚያው።

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሲሄድ፣ እነዚያ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ከወረቀታቸው በቀር ልዩነት አልነበራቸውም። ባለካርታዋ በካሳ አዋጁ፣ በቁጥር 1161/2011፣ ምትክ ቦታና ለቤቷ ካሳ ይገባታል። ካሳው የሚሰላው ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት በሚፈጀው ወጪ ነው፤ ቦታው ፒያሳ መሆኑ በስሌቱ ውስጥ የለም። ገዢ ሲመጣ ዋጋው ሁሉ የቦታው ነበር፤ መንግሥት ሲመጣ የግድግዳው ሆነ። የቀበሌ ተከራዩ ለግድግዳው የሚጠይቀው ካሳ የለም፤ ምርጫው ሌላ የቀበሌ ቤት መከራየት ወይም ኮንዶሚኒየም መግዛት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ያነጠፈው ሲሚንቶና የቀጠለው ኩሽና በመንግሥት ቤት ላይ የተሠራ ነው።

የካሳ አዋጁ ግን በቀደሙት ሕጎች ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር አስገብቷል። ተነሺው ከንብረቱ ካሳ ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ክፍያ እንዲያገኝ ደንግጓል። እድሩ፣ የቡና ጎረቤቱ፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ በሕግ ዋጋ ያላቸው ሆነው ተቆጠሩ ማለት ነው፤ ስንት ያወጣሉ የሚለውን ግን የሚተምነው ከተማ አስተዳደሩ ነው።