ዝናብ የሚያውቅ ዝናር

ቦንጋ ላይ የወገብ ኪስ ጥሩነቱ የሚታወቀው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ መጋቢት አካባቢ ይጀምርና እስከ ጥቅምት አይለቅም። ጭቃውም፣ ከቅጠል የሚንጠባጠበው ውኃም ኪስ ውስጥ ገብቶ መውጫ ካጣ የያዝከውን ሁሉ ያበላሻል። እኔ የሸራና የቆዳ ዕቃ ሰፊ ነኝ። ደንበኞቼ ደን ጠባቂዎች፣ እንግዳ ይዘው ወደ ማንኪራ ደንና ወደ ባርታ ፏፏቴ የሚወርዱ አስጎብኚዎች፣ ረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ማር ቆራጮች ናቸው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው ይመጣል፣ አስጎብኚውም ወገቡ ላይ የሚይዘው ዕቃ በዝቷል።

በቅርቡ አንድ ወጣት አስጎብኚ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ የላከለትን ቀበቶ ይዞ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ይህን ለሥራ እንዲሆነኝ ያስተካክሉልኝ» አለ። አራት ጠባብና ረዘም ያሉ ኪሶች ተደርድረውበታል። የኤርሶፍት ካዝና መያዣዎች ናቸው። ኤርሶፍት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተጀመረ ጨዋታ ነው። ሁለት ቡድን ጫካ ወይም ባዶ ሕንፃ ውስጥ ይገባል፣ ጠመንጃ በሚመስል መሣሪያ 6 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ኳስ ይተኳኮሳል፣ የተመታው እጁን አንሥቶ ይወጣል። ዓይንን የሚሸፍን መከላከያ ያላደረገ አይገባም። ኳሱ የሚሞላው ካዝና ውስጥ ነው፤ ትርፍ ካዝናው ደግሞ ወገብ ወይም ደረት ላይ በተሰፋ ኪስ ይያዛል።

እኛ አገር ይህን ሥራ የሚሠራው ዝናር ነበር። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ አጉርሶ አንድ መተኮስ ነው። ስለዚህ ዝናሩ ላይ እያንዳንዷ ቀለህ የራሷ ማስገቢያ አላት፣ እጅ ሳያይ አንዷን መዞ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋውን ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ሊይዝ ወደ ካፋ ሲመጣ፣ የካፋ ሰው የተዋጋው በአብዛኛው በጦርና በጋሻ ነበር፤ የመጣበት ሠራዊት ግን ጠመንጃና ዝናር ታጥቋል። ኋላ 30 ጥይት የሚይዘው የክላሽ ካዝና ሲመጣ የዝናሩ ማስገቢያ ወደ ኪስ አደገ። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ እጅ ሳይፈልግ ያገኘዋል ወይ?

ከአሮጌ ዝናሮች የተማርኩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ቆዳና ናስ አብረው ሲከርሙ ቀለሁ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይወጣል፤ ቆዳው ሲለፋ ውስጡ የሚቀረው ነገር እርጥበት ሲያገኝ ናሱን ይበላዋል። ደረቅ አገር ይህ ዓመታት ይፈጃል። እኛ ጋ አንድ ክረምት ይበቃዋል፣ ቆዳውም ራሱ ይሻግታል። ስለዚህ ቆዳ ብወድም እዚህ ጫካ ለሚገባ ሰው ኪስ የምሰፋው በናይለን ሸራ ነው።

የልጁን ኪሶች ሳገላብጣቸው መጀመሪያ ያየሁት ታቹን ነው። ካዝና ኪስ ውስጥ የሚቀመጠው ተገልብጦ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ነው፤ እጅ ታቹን ጨብጦ እንዲመዘውና አፉ ላይ ቆሻሻ እንዳይዘንብ። ግን ኪሱ ውኃ ከቋጠረ ያ ውኃ የሚጠራቀመው ልክ የካዝናው አፍ ካለበት ነው። ስለዚህ የታቹ ቀዳዳ የግድ ነው። ከሁለቱ ኪሶች ታች በብረት ቀለበት የተያዘ ቀዳዳ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ ድፍን ነበሩ። ድፍኖቹን በጋለ ምስማር በሳኋቸው። ናይለን በሙቀት ጠርዙ ይቀልጥና ይዘጋል፣ ክሩ አይተረተርም። በጥጥ ሸራ ይህ አይሠራም፤ ጥጥ ያርራል እንጂ አይቀልጥም፣ የብረት ቀለበት ያስፈልገዋል። ቀዳዳው ደግሞ መሃል ላይ ሳይሆን ኪሱ ሲንጠለጠል ዝቅ ብሎ በሚገኘው ጥግ ላይ ይሁን።

ከታቹ ቀጥሎ አፉን ነው የማየው። ካዝናውን መምዘዝ ማንም ይችላል፤ ችግሩ ባዶውን መመለሱ ነው። ስስ ኪስ ባዶ ሲሆን አፉ ይጨማደዳል፣ ያኔ ሁለት እጅ ይጠይቅሃል። እኔ ከቢጫ ጀሪካን የጣት ስፋት ያለው ቅዳጅ ቆርጬ አፉ እጥፋት ውስጥ እሰፋዋለሁ። አፉ ከፈት ብሎ ይቀራል፣ እጅም አይቧጥጥም። ከዚያ ልኩን ለማወቅ ካዝናውን አስገብቶ ኪሱን መገልበጥና ማራገፍ ነው። ከወደቀ ሰፊ ነው፤ በአንድ እጅ አልመዘዝ ካለ ጠባብ ነው።

«ሁሉን ይይዛል» የሚባል ኪስ አትመኑ። የኤም 4 ጠመንጃ አምሳያ ካዝና ትንሽ ብቻ የቆለመመ ነው፤ የክላሹ ረዘምና ይበልጥ ቆልመም ያለ ነው፤ የኤምፒ 5 ቀጭን ነው። ለአንዱ የተለካ ለሌላው ወይ ይሰፋል ወይ ያንቃል። ጎኑ ላይ ላስቲክ ያለው ትንሽ ያቻችላል፣ ግን ላስቲክ በእርጥበትና በፀሐይ መፈራረቅ ይረግባል፤ ሲገዙ ጠበቅ ያለውን ይምረጡ።

ክዳኑ ላይ ሰው ሁሉ ይከራከራል፤ እኔ ፍርዴን ሰጥቻለሁ። ቬልክሮን ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ነው፤ ውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን የእሾህ ፍሬ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1955 መብቱን አስመዘገበ። የእኛው ጭጎጎት ሥራ ነው ማለት ነው። ጭቃና ጭራሮ ሲገባበት ግን መያዙን ይተዋል። ሲላቀቅ ደግሞ ድምፁ! ጉሬዛ አይቶ ትንፋሹን የያዘ እንግዳ አጠገብ አንድ ቬልክሮ ብትከፍት መንጋው ጭልጥ ይላል። በጨዋታውም ተደብቆ ያለን ሰው የሚያጋልጠው ይኸው ነው። ዘለበት አስተማማኝ ነው፣ ግን በራሰ ጣት ያዘገያል። ለካዝና የሚሻለው ክፍት አፍ ሆኖ ከላይ የላስቲክ ገመድ የሚያልፍበት ነው፤ ገመዱ ጫፍ ላይ የሚጎተት ምላስ ይሰፋበታል። ስልክና ማስታወሻ ደብተር ግን ክዳኑ አራት ጣት ያህል ወደ ታች የሚወርድ ኪስ ይፈልጋሉ።

ድምፅ ካነሣሁ ካዝናውም ራሱ ይጮኻል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኳሶችን ዝርው አድርጎ የሚይዝና በጥርስ የሚጠመዘዝ ዓይነት አለ፤ ስትሮጥ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። በጥቅል ሽቦ ኳሱን በተርታ የሚገፋው ጥቂት ይይዛል፣ ግን ጸጥ ይላል። ጸጥታ የፈለገ ሰው ኪስ ብቻ በመቀየር አያገኛትም።

የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ ከማር ቆራጭ የተሻለ አስተማሪ የለም። ግንድ አቅፎ የሚወጣ ሰው ሆዱና ደረቱ ባዶ መሆን አለበት፣ ያለበለዚያ ኪሱ ከቅርፊቱ ጋር ይፋተጋል፣ ሰውየውንም ከግንዱ ያርቀዋል። ኪሱ ሁሉ ጎንና ከጎን ኋላ ነው። በሆዱ የሚሳብ ተጫዋችም እንዲሁ ነው፤ ደረቱ ላይ ሦስት ካዝና የደረደረ መሬት ላይ ሲተኛ ራሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ካዝና የሚቀይረው በግራው ስለሆነ ኪሶቹ ወደ ግራ ጎን ይሁኑ። የቦንጋን ዳገት ለሚወጣ ደግሞ ደረት ላይ የተጫነ ነገር ትንፋሽ ይነሣል፤ ሸክሙን ዳሌ ይሸከመው።

ኪሱ ልብሱ ላይ የሚታሰርበት መንገድ ሞሌ ይባላል፣ ከአሜሪካ ጦር የመጣ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ጠፍሮች በ25 ሚሊ ሜትር ርቀት አግድም ይሰፋሉ፣ በየ38 ሚሊ ሜትሩም በስፌት ይያዛሉ። የኪሱ ጅራት አንዴ በልብሱ ጠፍር፣ አንዴ በኪሱ ጀርባ ጠፍር እየተፈራረቀ መውረድ አለበት። ብዙ ሰው የኪሱን ጀርባ ይዘልለዋል፤ ከዚያ ኪሱ ሲሮጡ ይላጋል፣ ጥፋቱም በሰፋው ሰው ይሳበባል።

ቀለም ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። የሠራዊት ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ለብሶ፣ ወገብ ላይ የካዝና ኪስ ደርድሮ በገጠር መንገድ መሄድ ሰው ያስደነግጣል፣ ኬላ ላይም ያስጠይቃል። የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ጠመንጃ የሚመስል መጫወቻ ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ከመክፈሉ በፊት ጉምሩክንና ፖሊስን ይጠይቅ። ለልጁም ዥጉርጉሩን ፈትቼ በቡና ዓይነት ሸራ ሸፈንኩለት። ከአራቱ ኪስ ሁለቱን አነሣሁ። በቀሩት በአንዱ የእጅ ባትሪ፣ በሌላው ትንሽ የውኃ ጠርሙስ ልክ ገቡለት።

ገበያ ላይ ኪስ የሚመርጥ ሰው ከውጭ ቀለሙን ከማየቱ በፊት ወደ ውስጥ ይገልብጠው። ጠፍሩ ሸራውን የሚይዝበት ቦታ ላይ ስፌቱ ተመላልሶ ጥቅጥቅ ብሎ ካልተሰፋ፣ ዋጋው ምንም ቢቀንስ ይተወው፤ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው።