ያውቁ ኖሯል? በኢትዮጵያ ተወልዶ ለሆውቶርን የተጫወተው ወጣት

ለሜልበርኑ ክለብ ለሆውቶርን በተከላካይነት የተጫወተው ቻንግኩኦት ጃይት እ.ኤ.አ. በ1999 የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው። ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ በቪክቶሪያ ግዛት፣ በጊፕስላንድ አካባቢ አደገ።

ጃይት የሚጫወተው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ከምናውቀው እግር ኳስ በስም እንጂ በሌላ ብዙም አይገናኝም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ በእግር ይለጋል። በአንድ ወገን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ በሁለቱ መካከለኛ ቋሚዎች መሐል በእግር የተመታ ጎል 6 ነጥብ ያስገኛል።

ወደ ዋናው ሊግ፣ ኤኤፍኤል፣ የሚወስደው መንገድም የራሱ ጠባይ አለው። 18 ዓመት የሞላው ወጣት ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቦቹ በየዓመቱ በተራ እሱን ይመርጡታል። ተራው ሲጀመር ቅድሚያው በሰንጠረዡ ግርጌ ላጠናቀቀው ነው፤ ደካማውን ለማንሳት ብልህ ዘዴ ይመስለኛል። ጃይት ግን በጎን በር ገባ፦ ክለቦች የስደተኛና የነባር ሕዝቦች ልጆችን በሚያሠለጥኑበት አካዳሚ በኩል፣ በ2017 መጨረሻ በጀማሪነት ተመዘገበ።

መመዝገብ መሰለፍ አይደለም። በሱዳን የተወለደው ማጃክ ዳው በ2009 በኖርዝ ሜልበርን ተመርጦ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ2013 ነው። ታዲያ በመጀመሪያ ምቱ ጎል አስቆጠረ!

የጃይት ታናሽ ወንድም ቲውም በ2023 በኮሊንግዉድ ተመርጧል።