«ለረመዷን ትደርሳለች ወይ?»

ረመዷን ሊገባ ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው፣ ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር በሚልኩ የአዲስ አበባ ኤጀንሲዎች ስልክ አያርፍም። ከሪያድና ከጅዳ የሚደውሉት መክተቦች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ልጅቷ ለጾሙ ትደርሳለች ወይ?» በዚያ ወር የባሕረ ሰላጤው ቤት ማዕድ ይሰፋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ኩሽናው ከዐስር ሶላት እስከ ሱሑር እሳት አይጠፋበትም። ትዕዛዙ ከጾሙ ቀድሞ የሚጎርፈው ለዚህ ነው።

ጥድፊያውን የሚሸከመው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የኤጀንሲው ሠራተኛ ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የመጡ ልጆችን ይመዘግባል፤ ፎቶ ያስነሣል፤ ፓስፖርቱ፣ የሕክምና ምርመራው፣ የብቃት ምዘናው መሟላቱን ያያል፤ ውል ለማጸደቅ ይመላለሳል፤ በመጨረሻም ሻንጣ እየገፋ ቦሌ ድረስ ይሸኛል። አንዲት ወረቀት ከጎደለች በረራው ይገፋል፣ መክተቡም ይቆጣል።

ይህ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ብዙዎቹ ልጆች ቢሮ የሚደርሱት በመንደር ደላላ በኩል ነው፤ ደላላው ደግሞ «የቪዛ፣ የትኬት» ብሎ ከቤተሰብ ገንዘብ ተቀብሏል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የኢንሹራንስንም ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። ሠራተኛዋ እንደ ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ያሉትን ትሸፍናለች። አባት ግን በሬ ሸጦ ከፍሏል።

የቢሮው ሰው ይህን ያውቃል፤ ባያውቅም ይጠረጥራል። ለልጅቷ በግልጽ ቢነግራት፣ ደላላው ቀጣዮቹን ልጆች ይዞ ወደ ሌላ ኤጀንሲ ይሄዳል፤ አለቃውም ትዕዛዙ ለምን እንዳልሞላ ይጠይቀዋል። ዝም ቢል ደግሞ ፊቱ የተቀመጠችው የእህቱ እኩያ ናት። እናትየዋም ስሙን ሰምታ የሙስሊም ልጅ መሆኑን ስታውቅ «አደራህን ልጄ፣ አማና ናት» ብላው ወጥታለች። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ሥራ ሰው ከሰው የሚለየው እዚህች ላይ ነው፤ ወረቀት ማሟላትማ ማንም ይለምደዋል።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። ብዙዎቹ ልጆች ረመዷንን ሳዑዲ መጾም ሲባል ሐረም ነው የሚታያቸው፣ ዑምራ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ሌሊቱ ቀን ይሆናል። ቀን ጽዳት አለ፣ ከሰዓት ምግብ ማብሰል፣ ከተራዊሕ በኋላ እንግዳ፣ ከዚያ ሱሑር። ቋንቋውን ገና ያልለመደች ልጅ መግሪብ ሲያዛን ተምር አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ታስተናግዳለች። ይህን እዚሁ አዲስ አበባ የሰማች ልጅ ቢያንስ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ያልሰማችው በመጀመሪያው ሳምንት «መልሱኝ» ትላለች፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሙከራ ጊዜ ስለሆኑ ኪሳራው ዞሮ ኤጀንሲዎቹ ላይ ይወድቃል። እውነቱን መደበቅ ለንግዱም አይበጅም ማለት ነው፤ ግን በጥድፊያው ወር ይህን የሚያስብ አለቃ ጥቂት ነው።

በሕጋዊ መንገድ መሄድ ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ታግዶ ነበር። የሚሄደው ሰው ግን አልቆመም፤ በጅቡቲና በየመን በኩል ሄደ። ስለዚህ የቢሮውን ሠራተኛ «ልጆቻችንን የሚልክብን» ብለን ብቻ ማየት አይበቃም። ወላጆች ፊቱ ስትቀመጡ ጠይቁት፤ ማን ምን እንደከፈለ፣ ደመወዟ ስንት እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ። የውሉን ቅጂም ሳትይዙ አትውጡ።

በዒድ ጠዋት ቢሮው ዝግ ነው። የሠራተኛው የግል ስልክ ግን ከሶላት መልስ መጮህ ይጀምራል፤ «ልጄ፣ ስልኳ አይነሳም»። የአሠሪው ስምና ስልክ ያለበት ወረቀት ቤቷ ላለ እናት እሱ እዚያው ቆሞ መክተቡን ይደውልላታል። «ሪያድ ናት» ብቻ የምትል እናት ግን ፋይሉ ያለበት ቢሮ እስኪከፈት ትጠብቃለች።