የሰልፉ ርዝመት ከየት ይመጣል? የግል አውቶሞቢልና የሕዝብ ትራንስፖርት በአዲስ አበባ

በመገናኛም ሆነ በሜክሲኮ አደባባይ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚታየው የተሳፋሪ ሰልፍ ብዙውን ጊዜ የተሽከርካሪ እጥረት ውጤት ተደርጎ ይወሰዳል። አስተያየቱ ከፊል እውነት አለው። ይሁንና የሰልፉን ርዝመት የሚወስነው የተሽከርካሪዎቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በየስንት ደቂቃው ተመልሰው መምጣታቸው ጭምር ነው፤ በዚህ ላይ ደግሞ በዚያው መንገድ የሚጓዘው የግል አውቶሞቢል ከፍተኛ ድርሻ አለው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለአንድ መስመር 10 አውቶቡሶች ተመድበዋል፤ አንዱ አውቶቡስ ደርሶ ለመመለስ 60 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በየ6 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ስለሚመጣ፣ ሰዓት ሳይጠብቅ ፌርማታ የሚደርስ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ይቆማል። መንገዱ ተጨናንቆ ምልልሱ 90 ደቂቃ ቢፈጅ፣ እነዚያው 10 አውቶቡሶች የሚመጡት በየ9 ደቂቃው ይሆናል። አንድም አውቶቡስ ሳይበላሽ፣ በሰዓት 10 ጊዜ ይገኝ የነበረው አገልግሎት ወደ 7 ጊዜ ያህል ይወርዳል ማለት ነው። የቀድሞውን ለመመለስ 5 ተጨማሪ አውቶቡሶች መግዛት ያስፈልጋል፤ ወጪው የሚመዘገበው ግን በአውቶቡስ ድርጅቱ መዝገብ እንጂ መንገዱን ባጨናነቀው ወገን ስም አይደለም።

መጨናነቅ ከዚህም የከፋ ጉዳት አለው። የዘገየ አውቶቡስ በየፌርማታው የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ብዙ ሰው ለማሳፈር ሲቆም ይበልጥ ይዘገያል፤ በመጨረሻም ከኋላው ያለው ይደርስበታል። በየ6 ደቂቃው ይመጡ የነበሩት አውቶቡሶች ሁለት ሁለት ሆነው በየ12 ደቂቃው ቢመጡ፣ ቁጥራቸው ሳይቀንስ አማካዩ ጥበቃ ከ3 ወደ 6 ደቂቃ ይጨምራል። ፊተኛው ሰው በሰው ላይ ጭኖ ሲያልፍ ኋለኛው ወንበር ይተርፈዋል።

ሚኒባስ ታክሲ ሞልቶ የሚነሣ በመሆኑ የችግሩ መልክ ይለያል። ተራ አስከባሪ ባለበት መነሻ ላይ የቆመ ሰው ቢዘገይም ተራው ይደርሰዋል። በመስመሩ መካከል የሚጠብቀው ግን የሞሉ ታክሲዎች ሲያልፉ ይመለከታል፤ ስለዚህ ወደ መነሻው በእግሩ ተመልሶ ሰልፉን ያረዝማል። የሾፌሩና የረዳቱ ገቢ በምልልስ ብዛት ስለሚለካ፣ መጨናነቅ ወደበዛበት ክፍል ላለመግባት የታፔላውን መስመር ቆራርጦ መጫንም የተለመደ ነው። ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሁለት ጊዜም ይሰለፋል። ድርጊቱ ደንብ መተላለፍ መሆኑ አያጠያይቅም፤ በቅጣት ብቻ አለመጥፋቱ ግን መነሻው ከሥነ ምግባር ጉድለት ይልቅ ከዚያው የምልልስ ስሌት መሆኑን ይጠቁማል።

የግል አውቶሞቢል ዋነኛ መስሕብም እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ለመሳፈር ሰልፍ አይቆምም። ኢኮኖሚስቱ ኸርበርት ሞህሪንግ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ መስመር ተሳፋሪ ሲጨምርና አውቶቡስ ሲጨመርለት የሁሉም ተሳፋሪ ጥበቃ እንደሚያጥር አሳይቷል። ሰዎች ወደ አውቶሞቢል ሲዞሩ ሂደቱ ይገለበጣል። በአዲስ አበባ ፈላጊው ከአቅርቦቱ ስለሚበልጥ፣ ከሰልፍ የወጣ ሰው ቦታውን ለሌላ የለቀቀ ይመስላል። በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ቦታ ለቅቋል፤ በመንገዱ ላይ ግን እጅግ የሚበልጥ ቦታ ይዟል። በትራፊክ ምሕንድስና ስሌት አንድ ትልቅ አውቶቡስ የሚይዘው መንገድ ከ2 እስከ 3 አውቶሞቢሎች ከሚይዙት አይበልጥም፤ የሚጭነው ሰው ግን 60ና ከዚያ በላይ ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የራሱ ሐዲድ ስላለው ምልልሱ ለአውቶሞቢል ብዛት እምብዛም አይጋለጥም። የእርሱ ችግር ከስሌቱ ሌላኛው ወገን መጣ፦ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት በመቆማቸው በሁለት ባቡሮች መካከል ያለው ጊዜ ተራዘመ። የተለየ መስመር ያለ በቂ ተሽከርካሪ ሰልፍ አያሳጥርም።

በጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ጭስ አያወጣም፤ የነዳጅ ግዢንም ያስቀራል። በመንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ከቤንዚኑ አያንስም፤ 90 ደቂቃ የደረሰውንም ምልልስ ወደ 60 አይመልሰውም።