ስለ ኤፒፔን፦ እባካችሁ እስከ 10 መቁጠር ይብቃ!

ከሥራ ገብቼ ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው። ዛሬ ፋርማሲያችን አንዲት እናት የልጇን ኤፒፔን (ለከባድ አለርጂ የሚወጋውን የአድሬናሊን መርፌ) ልታድስ መጥታ በቴሌግራም የሚዞር የድምፅ መልእክት አሰማችኝ። ተናጋሪውን አላውቀውም፤ ድምፁ በራስ መተማመን የሞላበት ነው፣ ምክሩ ግን ሰው ይገድላል። ሲያትል ውስጥ ለውዝ ወይም ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ ያላችሁ፣ አንድ በአንድ ላስቀምጠው።

1. ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም የቤት ሙቀት ይበቃዋል። በበጋ መኪና ውስጥም አትተዉት። በመስኮቷ ስታዩት ፈሳሹ ቀለም ከቀየረ አዲስ አውጡ።

2. "መጀመሪያ ቤናድሪል ስጡና ጠብቁ" ውሸት ነው። ቤናድሪል ማሳከክ ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወደቀ የደም ግፊት አያነሳም። ልጁ መተንፈስ ካቃተው ወይም ሽፍታ ወጥቶበት ደጋግሞ ካስመለሰው ውጉትና 911 ደውሉ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛው ይወጋል። ጥንድ ሆኖ የሚሸጠው ለዚህ ነው፤ አንዱን ለቤት አንዱን ለትምህርት ቤት አትከፋፍሉት።

3. "ጭኑ ላይ ሰክታችሁ እስከ 10 ቁጠሩ።" ደሜን ያፈላው ይሄ ነው።

ለኤፒፔን 10 ሰከንድ የድሮ መመሪያ ነው። መድኃኒቱ የሚወጣው በቅጽበት ስለሆነ በ2016 መመሪያው ወደ 3 ሰከንድ ወርዷል። ጉዳዩ ደግሞ የእኛው ከተማ ጉዳይ ነው። የሲያትል ችልድረንስ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ዶ/ር ጁሊ ብራውንና ባልደረቦቻቸው በእነዚህ መርፌዎች የደረሱ 22 ጉዳቶችን ሰብስበው በሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። 17 ሕፃናት ቆዳቸው ተቀዷል፤ በሌሎች 4 ላይ መርፌው እግራቸው ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል፤ አንዱ ጉዳት የደረሰው በነርስ ጣት ላይ ነው።

እስቲ አስቡት። የፈራ የአራት ዓመት ልጅ እየተራገጠ፣ በስፕሪንግ የተተኮሰ መርፌ ጭኑ ውስጥ 10 ሰከንድ ይቆያል። የድሮው መመሪያ እግሩን ያዙ እንኳ አይልም ነበር! የኤፒፔን ብርቱካንማ ጫፍ መርፌውን የሚሸፍነው ከጭን ስታላቅቁት ነው፤ እስከዚያ መርፌው እዚያው ነው። መርፌውን በራሱ ወደ ውስጥ የሚመልስ መሣሪያ መሥራት አይቻልም እንዳይባል ኦቪኪው የተባለው ሌላ መርፌ ይህን ያደርጋል። እሱ የሚፈልገው 2 ሰከንድ ነው፤ በድምፅም ይመራችኋል፣ በእንግሊዝኛ እንጂ በአማርኛ ባይሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያ እግሩን አጥብቃችሁ ያዙ። ሰማያዊውን ክዳን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ በጎን በአውራ ጣት ከገፋችሁት ያለጊዜው ሊተኮስ ይችላል። አውራ ጣታችሁን ጫፉ ላይ አታድርጉ። ብርቱካንማው ወደ ጭኑ ውጫዊ ጎን፣ በልብስ ላይም ቢሆን። እስከ 3። በቃ።

4. (አሁንም 3 ላይ ነኝ መሰለኝ።) ሌላ ዓይነት ከተሰጣችሁ ደግሞ አጠቃቀሙ ይለያል። የአድሬናክሊክ ዓይነቱ ሁለት ክዳን አለው፤ የቆይታ ጊዜውንም ከራሱ መመሪያ አንብቡ። ኢንሹራንሱ ዓይነቱን ሲቀይርባችሁ ግን የሚነግራችሁ የለም! እናትየው ለዓመታት በአንዱ ተለማምዳ፣ በጭንቅ ሰዓት ሌላ መሣሪያ ይዛ ትቆማለች። ከዚያ "በትክክል አልተጠቀመችም" ይባላል።

"መሣሪያው አይሠራም፣ የአምቡላንስ ሰዎች እንኳ ትተውታል" ለሚለውም መልስ አለኝ። የኪንግ ካውንቲ የአምቡላንስ ባለሙያዎች ከ2014 ጀምሮ ከብልቃጥ በሲሪንጅ ወደ መስጠት የዞሩት በዋጋው ምክንያት ነው፤ ለዚያም ሠልጥነዋል። እናንተ በሌሊት እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ከብልቃጥ 0.3 ሚሊ ሊትር ትለካላችሁ? የመሣሪያ ብልሽት መኖሩ እውነት ነው። በ2017 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍዲኤ በወቅቱ የፋይዘር ንዑስ ኩባንያ የነበረውን አምራቹን ሜሪዲያንን፣ ሰው የሞተባቸውን ጨምሮ "አልሠራም" የሚሉ አቤቱታዎችን በቅጡ አልመረመርክም ብሎ አስጠንቅቆታል። ታዲያ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለቱንም ያዙ የሚል ነው እንጂ ጣሉት የሚል አይደለም።

ዋጋውንማ አታንሱብኝ። ማይላን የተባለው ኩባንያ በ2007 ሲይዘው ጥንዱ 100 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2016 ከ600 አለፈ። ውስጡ ያለው አድሬናሊን ግን ያው ርካሹ መድኃኒት ነው! ዋሽንግተን ስቴት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ከኪሱ የሚከፍለውን 35 ዶላር ላይ ገድቦታል፤ ግን አሠሪያቸው ራሱ የሚከፍልበት ኢንሹራንስ ያላቸውን ሕጉ አያስገድድላቸውም። ይህን ለደንበኛ የሚያስረዳው ማነው? ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው፣ ስልኩ እየጮኸ።

መድኃኒቱን ስትቀበሉ ሳጥኑን እዚያው ክፈቱ። መርፌ የሌለውን መለማመጃ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ጄነሪክ ይዞት አይመጣም። በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አምጡልኝ በሉ፤ በነፃ ነው። ልጁን የምትጠብቀውን አያቱንም ይዛችሁ ኑና አብራችሁ ተለማመዱ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ እኛ ደሞዝ የሚከፈለን ይህንን ለማሳየት ጭምር ነው።