ሜሞሪ መጨመርና አድራሻ ማስፋት ለየቅል ናቸው

የሜይንፍሬም አድራሻ የሰፋበት ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ግዢ ታሪክ ይተረካል፤ ትልቅ ማሽን ገባ፣ ሜሞሪው በዛ፣ ጉዳዩ አለቀ ይባላል። ሥራው ላይ የዋለ ሰው ግን ይህን አባባል መስማት ይታክተዋል። የአድራሻ ስፋት በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ የሚኖር ልማድ ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም።

ቶሮንቶ ለዚህ የቆየ ምስክር አላት። ፌራንቲ-ፓካርድ በከተማይቱ የሠራው ኤፍፒ-6000 ባለ24 ቢት ቃል ኮምፒዩተር ነበር። ንድፉ ለእንግሊዙ አይሲቲ ተሸጠና እ.ኤ.አ. በ1964 የ1900 ተከታታይ ማሽኖች መነሻ ሆነ። ፕሮግራሞቹ በ15 ቢት አድራሻ ከ32,768 ቃል በላይ መጥራት ስለማይችሉ ኋላ ላይ ባለ22 ቢት ስልት ተጨመረ። አሮጌው ስልት ግን አልተነሣም፤ በእርሱ የተጻፉት ፕሮግራሞች ሥራ ላይ ነበሩና።

በዚያው ዓመት የወጣው የአይቢኤም ሲስተም/360 ሬጂስተሩ 32 ቢት፣ አድራሻው ግን 24 ቢት ነበር። ጣሪያው 16 ሜጋባይት ሆነ፤ 8 ቢት ደግሞ ሥራ ፈትቶ ቀረ። ሜሞሪ ውድ በነበረበት ዘመን ባዶ ባይት ባዶ ሆኖ አያድርም። የቀበሌ መዝገብ ላይ ለቤት ቁጥር አራት ሣጥን ቢኖርና ቤቶቹ ሁሉ ባለሦስት አኃዝ ቢሆኑ፣ ጸሐፊው በትርፉ ሣጥን ግብር የከፈለውን ምልክት ያደርግበታል። ፕሮግራመሮችም እንዲሁ አደረጉ። ማሽኑ ራሱ ከዚህ ልማድ ነጻ አልነበረም፤ ቢኤኤል የተባለው ትእዛዝ የመመለሻ አድራሻ ሲያስቀምጥ በላይኛው ባይት የፕሮግራሙን የሁኔታ ምልክቶች ይጽፍበት ነበር። ችግሩ የሚመጣው አድራሻው ሲሰፋ ነው፤ በቀበሌው አንድ ሺኛው ቤት በተሠራ ቀን የግብሩ ምልክት እንደ ቁጥር ይነበባል።

እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ ላይ የዋለው ሲስተም/370-ኤክስኤ አድራሻውን ወደ 31 ቢት፣ ማለትም ወደ 2 ጊጋባይት አሳደገው። ለምን 32 እንዳልሆነ የሚጠይቁ ወጣት ባለሙያዎች መልሱን ከሽቦው ይፈልጉታል፤ ያለው ግን ከልማዱ ውስጥ ነው። የላይኛዋ ቢት ለፕሮግራም በሚተላለፉ ፓራሜትሮች ዝርዝር ላይ የመጨረሻውን ለማመልከት ስታገለግል ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ፕሮግራሙ በ24 ወይስ በ31 ቢት እንደሚሠራ ለመለየት ተፈለገች። ስለዚህ ለአድራሻ አልተሰጠችም። የ16 ሜጋባይቱ ድንበር በባለሙያው አፍ «መስመሩ» ተባለ፤ እያንዳንዱ ፕሮግራምም ከመስመሩ በታች ወይም በላይ የመሥራት መብቱን የሚናገር ምልክት ተለጠፈበት።

ቶሮንቶ ውስጥ የአንድ የገንዘብ ተቋም የሌሊት ሒሳብ መዝጊያ ኤስ80ኤ የሚል ኮድ ጥሎ ይቆም ነበር፤ ሜሞሪ አነሰኝ ማለቱ ነው። ኃላፊዎቹ ሜሞሪ አስገዙ። በማግስቱ ሌሊት ያው ፕሮግራም እዚያው ቦታ ቆመ። ማሽኑ ጊጋባይቶች ትርፍ ነበሩት፤ ፕሮግራሙ የሚጠራው አንድ አሮጌ የአሴምብለር ክፍል ግን 24 ቢት ብቻ ስለሚያውቅ የሚለዋወጡት ሰንጠረዥ ሁሉ ከመስመሩ በታች መቀመጥ ነበረበት። ከ16ቱ ሜጋባይት ደግሞ ስርዓተ ክወናው ድርሻውን አስቀድሞ ይወስዳል። የተገዛው ሜሞሪ ለሌሎች ፕሮግራሞች ጠቅሞ ይሆናል፤ ለዚያኛው ግን አንዲት ባይት አልጨመረለትም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከኤክስኤ በፊትም በሲስተም/370 ማሽኖች ላይ በገጽ ሰንጠረዡ ሁለት ተጨማሪ ቢት ተገኝቶ አካላዊው ሜሞሪ ከ16 ሜጋባይት አልፏል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያየው ግን ያንኑ 16 ነበር። ያለው ሜሞሪና ስሙ ሊጠራ የሚችለው ሜሞሪ ያን ጊዜም ለየብቻ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የአይቢኤም ዚ900 ማሽን ከ64 ቢት አድራሻ ጋር ሲመጣ ጣሪያው 16 ኤክሳባይት ደረሰ፤ የ2 ጊጋባይቱ ድንበርም «ባር» የሚል ስም አወጣ። ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ከባሩ በላይ ማኖር የቻሉት ዳታቸውን ነው፤ የፕሮግራሙ ትእዛዞች ታች ቀሩ። የአይቢኤም የቶሮንቶ ላብ የሚያዘጋጀው የሲ ቋንቋ ኮምፓይለርም ለ64 ቢት ሲሰናዳ ጠቋሚው 64 ቢት፣ ተራው ኢንቲጀር ግን 32 ሆኖ ቀጠለ። አድራሻን በኢንቲጀር ማስቀመጥ የለመደ ፕሮግራመር ግማሹን አድራሻ ሳያውቀው ቆርጦ ይጥላል፤ የ1960ዎቹ ስሕተት በአዲስ ልብስ ተመልሷል ማለት ነው።

የዚህ ሽግግር ነዳፊዎች ግን የሰውን ጠባይ በሚገባ ያወቁ ነበሩ። ከ2 እስከ 4 ጊጋባይት ያለውን ስፍራ መጀመሪያ ላይ ማንም እንዳይጠቀምበት ዘጉት። የላይኛዋን ቢት ሳያጸዳ በ64 ቢት ስልት የሚሠራ ፕሮግራም በዚያ ዝግ ስፍራ ላይ ይወድቃል፤ የሌላውን ዳታ ሳያበላሽ እዚያው ይቆማል። ገደቡ ያለው በፕሮግራሙ ውስጥ ስለሆነ፣ ሜሞሪ ለመግዛት የሚፈርም ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት የትኛው ፕሮግራም በየትኛው የአድራሻ ስልት እንደሚሠራ የሚያሳይ ዝርዝር ያስቀርብ።