የመመረቂያ ጽሑፍዎ ቤትዎን ሳይበጠብጥ እንዲያልቅ

«እማዬ፣ የአንቺ የቤት ሥራ ግን መቼ ነው የሚያልቀው?»

ይህን ጥያቄ ከልጅዎ ሰምተው ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። በማታ ወይም በቅዳሜና እሁድ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ እናቶችና አባቶች ኮርሱን እንደምንም ይወጡታል። መምህር አለ፣ የፈተና ቀን አለ፣ አብሮ የሚያጠና ጓደኛ አለ። ፈተናው የሚመጣው ኮርሱ አልቆ የመመረቂያ ጽሑፉ ሲቀር ነው። ክፍል የለም፤ ስም የሚጠራም የለም። «ከበዓሉ በኋላ እጀምረዋለሁ» እየተባለ ገና ለጥምቀት፣ ጥምቀት ለፋሲካ ያሳልፈዋል። በመጨረሻ የተከፈለው ገንዘብም፣ ከልጆች የተቀነሰው ጊዜም ያለ ዲግሪ ይቀራል።

ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን የሚያጓትተው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የዕቅድ ማጣት ነው። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት የሚከተሉትን ያስቡባቸው።

ርዕስዎን ያጥብቡ

«የባንክ ሠራተኞች የሥራ እርካታ በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ሲሠሩት ግን አያልቅም። «በአንድ ባንክ የአዲስ አበባ ቅርንጫፎች ገንዘብ ከፋዮች ሥራ የሚለቁበት ምክንያት» ቢሉት ግን ማንን እንደሚጠይቁና የት እንደሚሄዱ ያውቃሉ። ርዕሱን ከመቁረጥዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ መረጃውን የሚሰጠኝ መሥሪያ ቤት በሩን ይከፍትልኛል? ከሥራ ሰዓቴ ጋር ይሄዳል? በኪሴ አቅም ይሠራል?

ሐሳብ ካጠረዎት ቀደም ሲል የተሠሩ ጽሑፎችን ያንብቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯቸው በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። መጨረሻ ምዕራፋቸው ላይ «ወደፊት ቢጠና» ተብሎ የተተወው ነጥብ ለእርስዎ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ሰኔ ላይ ጽሑፍዎን ለመከላከል አስበዋል እንበል። ሙሉው ረቂቅ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አማካሪዎ እጅ መግባት አለበት፤ አንብበው ለመመለስ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ለማረም ደግሞ ያንኑ ያህል ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ መረጃው ጥርና የካቲት ላይ ይሰበሰባል፤ ፕሮፖዛሉም ከገና በፊት ይጸድቃል። የትብብር ደብዳቤ ማጻፍና ማስፈቀድ ብቻውን ሳምንታት እንደሚወስድ አይርሱ። ዕቅድዎ ወደ ሰኔ ከተገፋ ግን ይጠንቀቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ያን ጊዜ በሒሳብ መዝጋት ተወጥረው የእርስዎን መጠይቅ የሚሞላ ሰው አያገኙም።

መጠይቁን ሳይሞክሩ አይበትኑ

«ስንት ሰው ልጠይቅ?» የሚለው ብዙዎችን ያስጨንቃል። በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ የተለመደው የያማኔ ቀመር ነው። ጠቅላላውን የሰው ቁጥር፣ አንድ ሲደመር ጠቅላላው ቁጥር ሲባዛ የስህተት መጠኑ በራሱ ተባዝቶ፣ ለሚሰጠው ውጤት ያካፍላሉ። ለምሳሌ 1,200 ሠራተኞች ቢኖሩና የስህተት መጠኑ 0.05 ቢሆን፣ 1,200 ለ4 ተካፍሎ 300 ይመጣል። ሁሉም ወረቀቱን ስለማይመልስ ትርፍ አድርገው ያሰራጩ። ቀመሩ የሚያገለግለው ግን መላሾችን በዕጣ ለሚመርጥ የመጠይቅ ጥናት ነው፤ ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ለሚያደርጉ ጥቂት በደንብ የተመረጡ ሰዎች ሊበቁ ይችላሉ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ መጠይቁ በአማርኛ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ትርጉሙ ከተንሻፈፈ መልሱም ይንሻፈፋል። የአማርኛውን ቅጂ ዋናውን ላላየ ሰው ሰጥተው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ያድርጉና ሁለቱን ያስተያዩ። ከዚያም አሥር ለሚሆኑ ሰዎች ሰጥተው ይሞክሩት። አንዱ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ ከጠየቀዎት፣ ሦስት መቶ ሰው ከመሳሳቱ በፊት አዳነዎት ማለት ነው።

አማካሪዎን አይሽሹ

ብዙ ተማሪ ሥራው ሲዘገይ ያፍርና ከአማካሪው ይደበቃል፤ ወር በወር ላይ ይደራረባል። «ዶክተር፣ እስካሁን ምንም አልሠራሁም» ከማለት ሁለት ገጽም ቢሆን ይዘው ይሂዱ። «እንዴት አዩት?» ብለው ከሚጠይቁ «የናሙና አመራረጡ ላይ ጥርጣሬ አለኝ፣ እሱን ይመልከቱልኝ» ቢሉ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። የተነገረዎትን በዚያው ቀን ጽፈው በኢሜይል ይላኩላቸው። በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ከሚል ክርክር ያድናችኋል።

ከቤተሰብዎ ጋር ይዋዋሉ

«ሥራ አለብኝ» ብሎ ዓመቱን ሙሉ መኮሳተር ማንንም አይጠቅምም። ይልቅ የታወቀ ሰዓት ይቁረጡ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት የጽሑፉ፣ እሁድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የቤቱ ይሁን። ባለቤትዎ በዚያ ሰዓት ልጆቹን እንዲይዙ ሲጠይቁ የሚያልቅበትን ወርም አብረው ይንገሩ፤ መጨረሻው የሚታወቅ ሸክም ይቀላል። ልቅሶና እድር አይቀርም፤ ስለዚህ በየወሩ አንድ ሳምንት መጠባበቂያ ይተዉ።

ፋይልዎንም እንደ ልጅ ይጠብቁ። አንዱን ኮምፒውተርዎ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ኢሜይልዎ ውስጥ ያስቀምጡ። ከፍላሽ ጋር የጠፋ ምዕራፍ አራት እንዲሁ አይመለስም።

አቋራጩን መንገድ ይለፉት

ሲደክሙ «ከፍለህ አስጽፈው» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ነገሩ ማጭበርበር ነው፤ ቢደረስበትም ዲግሪዎን ሊያሳጣዎት ይችላል። ባይደረስበትም ፈታኙ «ይህን ዘዴ ለምን መረጡ?» ብለው ሲጠይቁ የጻፈው ሰው አጠገብዎ አይቆምም። ልጅዎን «የቤት ሥራህን ራስህ ሥራ» የሚሉበት አፍም አይኖርዎትም።

ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያውጡና የሚከላከሉበትን ወር ከላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ወደ ታች እየቆጠሩ ይውረዱ። ወረቀቱንም ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ልጅዎ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ስትልዎ በጣትዎ ያሳይዋታል።